ሰውየው ወረቀቱ ላይ አልገባ አለኝ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የሠዓሊ መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች የተማከሩ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ሰውን እያዩ ስለመሳል ነው የሚጠይቁት። እንግዲህ ዛሬ ስለ ቀለም አናወራም።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። እኔ ሥዕል የጀመርኩት ስልክ ላይ ነው። ለጌም የሚሆኑ ገጸ ባሕርያት መሥራት ነው ሕልሜ። ዘንድሮ ብር ከፍዬ የማታ ትምህርት ገባሁ። መምህራችን አራት ወር ሙሉ የጀሶ አፍንጫ፣ የጀሶ ጆሮ፣ የጀሶ ጭንቅላት ነው የሚያስለን። ሰው የምንስለው መቼ ነው ስንለው «ገና ናችሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድ ዓመት ሰው ብቻ ነው አሉ። ብራችንን እየበላ ነው ወይስ ትርጉም አለው? (ጀሶ የሰለቸው፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከመምህርህ ላስታርቅህ። ብርህን እየበላ አይደለም። አራት ወር ጀሶ ብቻ ግን ለእኔም በዝቶብኛል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

መምህርህ የያዘው መንገድ ዕድሜው ትልቅ ነው። በ1563 ቫሳሪ የሚባለው ሠዓሊ የፍሎረንሱን ገዢ ኮሲሞ ዴ ሜዲቺን ይዞ አንድ አካዳሚ አቋቋመ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እነግርሃለሁ)። ዓለም ሁሉ የገለበጠው ሥርዓት ግን የፓሪሱ ነው። በ1648 የንጉሡ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ አካዳሚ ተከፈተ፤ ከ1655 ጀምሮ ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ሞዴል አቁሞ በአደባባይ የማስተማር መብት የእሱ ብቻ ሆነ። በቃ፣ ሰው እያየህ መሳል ከፈለግህ ሌላ በር የለህም። አሁን የሚገርመውን ልንገርህ፤ ይሄ ሁሉ ስም ያለው የሥዕል አካዳሚ ቀለም መቀባት አያስተምርም ነበር! ቀለም የፈለገ ሄዶ አንድ ባለሙያ ሠዓሊ ቤት ይማራል። አካዳሚው ውስጥ ድሮዊንግ፣ ማለትም ያለ ቀለም መሳል፣ ብቻ ነው፤ እሱም በአብዛኛው የሰው ገላ። ነገሩ የተለወጠው በ1863 ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ማለት እኮ ነው።

አሥራ ሁለት መምህራን ነበሩት፤ በየወሩ አንዱ ተራ ይዞ ሞዴሉን ያቆማል። ሞዴሉ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ለረጅም ሰዓት መቆም ስለማይችል በትር ያስይዙታል ወይም ገመድ ያንጠለጥሉለታል። ተማሪው የሚቀመጥበት ቦታ እንኳ በውድድር ነበር። ጎበዙ ቀድሞ ይመርጣል፣ የመጨረሻው ደግሞ የተረፈችውን ማዕዘን ይዞ የሞዴሉን ጀርባ ሲስል ይውላል። እንዲህ ተሠርቶ የሚወጣው ሥዕል ስሙ ራሱ «አካዳሚ» ነው የሚባለው። ትምህርት ቤቱና የሰው ገላ ሥዕሉ አንድ ስም ተጋሩ።

እዚያ ክፍል ለመግባት ግን ደረጃ አለ። መጀመሪያ ከታተመ ሥዕል ትገለብጣለህ። ቀጥሎ ጀሶ። ከዚያ በኋላ ሰው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የታተመው ሥዕል ላይ ጥላው የት እንደሚያልቅ፣ መስመሩ የት እንደሚታጠፍ ሌላ ሰው ወስኖልሃል፤ አንተ እጅህን ብቻ ታለማምዳለህ። ጀሶው ላይ ውሳኔው ያንተ ነው፣ ግን ይራራልሃል፤ ነጭ ነው፣ አይንቀሳቀስም፣ ነገም በዚያው ቦታ ታገኘዋለህ። ሰው ግን ይተነፍሳል፣ ይደክመዋል፣ ክብደቱን ከቀኝ ወደ ግራ እግሩ ያዛውራል፣ ቆዳው ቀለም አለው፣ አንዳንዴም ያስነጥሰዋል። ፊደል ሳይቆጥሩ ዳዊት የለም የሚሉት የቆሎ ትምህርት ቤት መምህራን ይሄን ነገር ቢያዩ አይገርማቸውም ነበር።

የተማሩበት ሰዎች ሁሉ ይወዱት ነበር ብዬ ግን አልዋሽህም። ቻርዳን፣ ያ ድስትና ዳቦ በመሳል የታወቀው ፈረንሳዊ፣ ብሶቱን ለወዳጁ ለጸሐፊው ለዲደሮ ነግሮት እሱ በ1765 ጽፎታል። በሰባት በስምንት ዓመታችን እርሳስ ያስይዙናል፤ ዓይን፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ጆሮ እንገለብጣለን፤ ከዚያ ዓመታት ሐውልት ፊት እናለቅሳለን፤ በመጨረሻ ሕይወት ያለው ሰው ሲያቆሙልን የዚያ ሁሉ ዓመት ድካም ከንቱ የሆነ ይመስለናል ነው ነገሩ። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጆሮ። አየህ፣ ብሶትህ ብሶቱ ነው።

እሺ፣ ለምን ሰው? ለምን ተራራ ወይም ፈረስ አልሆነም? የያኔው ምክንያት የደረጃ ነገር ነው። ለአካዳሚው ትልቁ ሥዕል የታሪክ ሥዕል ነበር፤ ቅዱሳን፣ ጦርነት፣ የግሪክና የሮም አማልክት። የዕቃ ሥዕል ከሁሉም ታች ነው። ታሪክ የሚነገረው ደግሞ በገላ ነው፤ ማን እንደፈራ፣ ማን እንደለመነ፣ ማን እንደሞተ የምታውቀው ከትከሻውና ከእጁ ነው። ያ ደረጃ ዛሬ ሞቷል፣ ማንም አይሰማውም። ልምምዱ ግን አልሞተም። እኔ የማምንበት ምክንያት ይሄ ነው፦ የዋርካ ቅርንጫፍ አጣመህ ብትስል ማን ይከስሃል? ተራራ ብታሳጥር ማን ያውቅብሃል? የሰው ዓይን የጤፍ ፍሬ ታህል ብታዛንፍ ግን እርሳስ ይዛ የማታውቅ እናትህ በበሩ ስታልፍ አየት አድርጋ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» ትልሃለች። ከተወለድን ጀምሮ ስናየው የኖርነው ነገር ሰው ነው፤ ስህተቱን ለማየት ማንም ትምህርት አያስፈልገውም። ስለዚህ እንደ ሰው ገላ የሚያጋልጥህ ፈተና የለም።

የራሴን ላጫውትህ። መጀመሪያ ሞዴል ፊት የቆምኩ ቀን ከጭንቅላቱ ጀመርኩ። ዓይኑን አሳመርኩ፣ ቅንድቡን በየፀጉሩ፣ ከንፈሩን... ሞዴላችን አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ፣ ዝም ብለው ቆመዋል። አርባ ደቂቃ አለፈ። ወደ ታች ስወርድ ወረቀቱ ጉልበታቸው ላይ አለቀ። እግር የለም። ሰውየው ወረቀቱ ላይ አልገባ አሉኝ! መምህሬ መጣ፣ አየ፣ ምንም አላለም። እርሳሴን ተቀበለኝና ከአንገት ስር ካለችው ጎድጓዳ ቦታ ተነስቶ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች ጣለ፣ ግንበኛ ቱምቢ እንደሚጥለው። መስመሩ ክብደት የተሸከመው እግር ቁርጭምጭሚት አጠገብ ነው የሚያርፈው። እኔ ስዬው የነበረው ሰው ግን በዚያ አቋሙ አንድ ሰከንድ ሳይቆይ ይወድቅ ነበር።

ይሄን ለመፈተሽ ትምህርት ቤት አያስፈልግህም። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቁም። ሰው ሲሰለቸው አንድ እግሩ ላይ ይደገፋል። በተደገፈበት በኩል ዳሌው ከፍ ይላል፣ በዚያው በኩል ትከሻው ዝቅ ይላል፣ ሌላኛው ጉልበት ላላ ይላል። ግሪኮቹ ድንጋይ ላይ የጠረቡትን እዚያው ሰልፉ ላይ ታየዋለህ። የአንተ የጌም ጀግና ሰይፍ ይዞ አየር ላይ የተሰቀለ የሚመስለው (ሳላየው እየገመትኩ ነው፣ ሁላችንም እንዲያ ስለጀመርን) ክብደቱ የት እንዳረፈ ስላልወሰንክ ነው። ጡንቻ መደርደር አያድነውም።

አሁን ወደ አራቱ ወር። ቫን ጎግን ታውቀዋለህ። በ1880 እና በ1881፣ ሻርል ባርግ የሚባል ሠዓሊ ከሠዓሊው ዤሮም ጋር ያሳተመውን የድሮዊንግ ማስተማሪያ ይዞ ገጽ በገጽ ገለበጠ፤ 197 ሥዕል ያለው ነው፣ ከጀሶ ቅርጽ ይጀምራል። ሲጀምር ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ያው ሰው በ1886 መጀመሪያ አንትወርፕ አካዳሚ ገብቶ ከድሮዊንግ መምህሩ ጋር ተጣልቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጥሎ ወጣ። መምህራኑ ደግሞ ወደ ጀማሪዎች ክፍል ይውረድ ብለው ፈረዱበት። እኔ ከሁለቱም ታሪክ የምወስደው አለ። ጀሶውን አትተው፤ ግን ከጎኑ ሰው ጨምር። መምህርህን በትሕትና «ጋሼ፣ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ አሥር ደቂቃ እርስ በርሳችን እንሳሳል?» በለው። አንዱ ይቁም፣ ሌላው በሠላሳ ሰከንድ ይሳል፣ ላጲስ የለም። እምቢ ካለህ ትንሽ ደብተር ገዝተህ አውቶቡስ ውስጥ ሳል። ሰዎች ይነቁብሃል፣ ትንሽ ታፍራለህ፣ ከዚያ ይለቅሃል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ኮሌጅ ገብታ አርት እማራለሁ ስትለኝ እሺ ብያለሁ። ባለፈው ክፍሏን ሳስተካክል ትልቁ ፎልደሯ ተከፍቶ አየሁት፤ ራቁታቸውን የቆሙ ወንድና ሴት ነው ሙሉውን። ስጠይቃት «ማሚ፣ ሆምወርክ ነው» አለችኝ። ሃይማኖታችንም ባህላችንም ይሄን አይፈቅድም። እውነት ይሄ ትምህርት ነው? (የጨነቃት እናት)

መልስ፦ እትዬ፣ መደንገጥዎ አይገርመኝም። እኔም መጀመሪያ ቀን የት እንደማይ ጠፍቶኝ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ ነበር። ልጅዎ ግን እውነቷን ነው፣ ትምህርት ነው።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ልንገርዎ። ሞዴሉ ጋቢ የመሰለ ልብስ ደርቦ ይመጣል፣ ከፍ ያለች መድረክ ላይ ይወጣል፣ ልብሱን ያኖራል። ሰዓት ይቆጠራል፤ አንዳንዱ አቋም አንድ ደቂቃ፣ አንዳንዱ ሃያ ደቂቃ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ ሞዴሉን መንካት ክልክል ነው። ሃያ ተማሪ አለ፣ የሚሰማው ግን የከሰል ወረቀት ላይ መፋተግ ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሰውየው ማዕዘን፣ ጥላና ርቀት ይሆናል። ልጅዎ የምትጨነቀው ክርኑ ከወገቡ በላይ ነው ወይስ በታች በሚለው ነው፤ ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜም የላት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ይሄ ክፍል ለሴት ልጅ ለረጅም ዘመን ዝግ ነበር። በ1768 ለንደን ላይ የንጉሡ የሥዕል አካዳሚ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ አንጀሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞዘር። ዞፋኒ የሚባል ሠዓሊ ከ1771 እስከ 1772 ባለው ጊዜ የአካዳሚውን አባላት ሞዴል ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ሳላቸው። ወንዶቹ ሞዴሉን ከብበው ይነጋገራሉ። ሁለቱ ሴቶች የት አሉ? ግድግዳ ላይ፣ በፍሬም ውስጥ! መሥራች ሆነው ሳለ ራቁት ወንድ ያለበት ክፍል ውስጥ ቆመው መታየት ስላልነበረባቸው የተሰቀለ ምስል አደረጋቸው። (ወንዶቹም ቢሆኑ ሃያ ዓመት ያልሞላው ያላገባ ተማሪ ሴት ሞዴል እንዳይስል ደንብ ነበረባቸው። ካገባ ግን ይችላል። ምን ለማለት እንደሆነ ለእርስዎ ትቼዋለሁ።)

ውጤቱ ምን ሆነ መሰለዎ? ገላ ያልተማረ ሰው የታሪክ ሥዕል መሥራት አይችልም። ትልቁ ሽልማትና ትልቁ ክፍያ ደግሞ የታሪክ ሥዕል ላይ ነበር። ሴቶቹ ወደ አበባና ወደ ፊት ምስል ተገፉ፣ ከዚያ «ሴት መቼም አበባ ነው የምትወደው» ተባለ። ሞዘር ራሷ የታወቀችው በአበባ ነው። ፓሪስ ያለው የመንግሥቱ የሥዕል ትምህርት ቤት በሩን ለሴቶች የከፈተው በ1897 ነው፤ ከዚያ በፊት ሴቶቹ እንደ ዡልያን አካዳሚ ባሉ የግል ቤቶች፣ ከወንዶቹ የበለጠ እየከፈሉ ነበር የሚማሩት። በእናንተው አገር ደግሞ ፊላዴልፊያ ላይ በ1886 ቶማስ ኤኪንስ የሚባለው ትልቅ መምህር ሴት ተማሪዎች ባሉበት የወንድ ሞዴል ማገልደሚያ በማንሳቱ ሥራውን ለቀቀ፣ ማለትም አስለቀቁት።

ሃይማኖትዎን በተመለከተ እኔ ዳኛ አይደለሁም። ልጅዎ ራሷ ከከበዳት መምህሯን ታነጋግር፤ ልብስ የለበሰ ሞዴል የሚያቆሙ ክፍሎች አሉ፣ ብዙ መምህርም ይረዳል። እሷ ካልከበዳት ግን አንድ ቀን ፎልደሩን አብራችሁ ክፈቱትና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሥዕል ጎን ለጎን አድርጋ እንድታሳይዎ ይጠይቋት። እጆቹን ይዩ። ለጀማሪ እጅ ከሁሉም ይከብዳል፣ ለውጡ እዚያ ይታያል።

ጥያቄ፦ አያቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሞዴል አቁመው አያውቁም። የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ «አናቶሚ አያውቁም» እያሉ ይስቃሉ። ምን ልበላቸው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጓደኞችህ ሽሮ ቀምሰው «ሥጋ የለውም» እያሉ ነው።

አያትህ የሚሠሩት ሌላ ሥራ ነው። እዚያ ቅዱሱ ፊቱን ሙሉ አድርጎ፣ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤ ክፉው በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ዓይኑ የሚገዝፈው ሠዓሊው መለካት አቅቶት አይደለም። ገላው በልብስ ተሸፍኗል፣ ልብሱ የራሱ የመስመር ሕግ አለው፣ ያን ሕግ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ እጅ ነው የሚወስደው። በነገራችን ላይ አካዳሚ የወለዳቸውም ገላውን ያጣምሙታል። አንግር የሚባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ በ1801 ትልቁን የሮም ሽልማት ያገኘ የአካዳሚ ልጅ ነው። በ1814 የሳላትን ጀርባዋን የሰጠች ሴት ሕዝብ ሲያያት ተቺዎቹ «ሦስት የጀርባ አጥንት ትርፍ አላት» አሉ። አጥንቱን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? መስመሩ እንዲረዝምለት ፈልጎ ነው እንጂ።

አካዳሚው ወደ እኛ የመጣው በሰዎች ነው። አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ተማረ። አፈወርቅ ተክሌ ለንደን ስሌድ ገባ፤ ስሌድ በ1871 ከተከፈተ ጀምሮ ሰው እያዩ መሳልን መሠረቱ ያደረገ ቤት ነው፣ ለብዙ ዓመት ያስተማረበት ቶንክስ እንዲያውም ሙያው ቀዶ ሐኪም ነበር። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምሮ መጥቶ በ1950 ዓ.ም. (ይሄ በእኛ ነው) አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋመ። በደርግ ጊዜ ደግሞ ብዙዎች ሶቪየት ኅብረት ሄዱ፤ ጀሶ፣ አጽም፣ ሞዴል የሚለው ደረጃ ሳይላላ የቆየው እዚያ ነው። የገበያ ሴቶችን የሚስለው ታደሰ መስፍን ከእነዚህ አንዱ ነው። ሴቶቹን ስታያቸው መሬት የላቸውም ማለት ይቻላል፣ ግን ቆመዋል። እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ ፓሪስ ግራንድ ሾሚየር ገባ፤ መምህር ሳይጠብቅህ ከፍለህ ሞዴል የምትስልበት ቤት ነው። ከዚያ ዞሮ ከአገሩ የክታብ ሥዕል ቀዳ። የአያትህ ወገን ማለት ነው። ለጓደኞችህ ይሄን ንገራቸው፣ የአያትህን ሥዕል ደግሞ ቁጭ ብለህ ገልብጥ፤ ስንት መስመር ላይ እጅህ እንደሚከዳህ ታያለህ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው ያለሁት፣ በሥራ ምክንያት ክፍል መግባት አልችልም። ሞዴልም የለኝም። ከስልክ ፎቶ ብስል ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ችግር የለውም፣ ግን ፎቶ ይዋሻል። ስልኩ ቅርብ ከሆነ የቀረበውን ያገዝፋል፣ አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ይሸሻል። ራቅ ብለሽ አንሺ። ከፎቶ በላይ ግን ሁለት ነጻ ሞዴሎች አሉሽ፤ አንዱ መስታወት ውስጥ ነው፣ ሌላው ግራ እጅሽ ነው። የእረፍት ቀን ላይ የተኙ አብረውሽ የሚኖሩ ጓደኞችሽም ጥሩ ናቸው፣ አይንቀሳቀሱም። አስፈቅደሽ ግን።

ልክ ስትወስጂ እርሳሱን ያዢና ክንድሽን ሙሉ በሙሉ ዘርጊው፣ ክርንሽ እንዳይታጠፍ። አንድ ዓይን ጨፍኚ። የእርሳሱ ጫፍ አናቱ ላይ፣ አውራ ጣትሽ አገጩ ላይ ይሁን፤ ያ አንድ ራስ ነው። በዚያ ልክ ወደ ታች ቁጠሪ፤ የቆመ አዋቂ ሰው ሰባት ወይም ሰባት ተኩል ራስ ይሆናል። መጀመሪያ አናቱንና እግሩን ወረቀቱ ላይ በሁለት ጭረት አስቀምጪ፣ ከዚያ መሃሉን ሙዪ። ዓይኑን በመጨረሻ። መብራቱ ደግሞ ከአንድ ጎን ብቻ ይምጣ፤ የጣሪያውን አጥፊውና የጠረጴዛውን አብሪ።